ዩኒየን ያለበት ስራ ካገኛችሁ አምስት አመት ሳይሞላችሁ አትልቀቁ

ሰሞኑን ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ ገብታችሁ ስራ የምትፈልጉ ልጆች ሁሌም የምትጠይቁኝ በሰዓት ስንት ይከፍላል ብላችሁ ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ ዩኒየን (የሰራተኛ ማህበር) አለው ወይ እላለሁ፣ ምክንያቱ ፔንሽን ነው፣ ማለትም ጡረታ ስትወጡ በየወሩ የሚከፈላችሁ። እዚህ ያሉ ብዙ ትልልቅ ሆቴሎች ሰራተኞች ዩናይት ሂር ሎካል 25 የሚባለው ዩኒየን አባል ናቸው፣ ሀበሻም ሞልቶበታል።

ቼካችሁ ላይ የዩኒየን መዋጮ ሲቆረጥ ይከነክናል፣ አውቃለሁ። ግን ፔንሽኑ የሚመጣው ከዛ መዋጮ አይደለም፣ ዩኒየኑ በተደራደረው ኮንትራት መሰረት አሰሪው ከደሞዛችሁ ውጪ በሰራችሁት ሰዓት ልክ የፔንሽን ፈንዱ ውስጥ የሚያስገባው ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመንግስቱ ጡረታ፣ ለብቻው ነው፣ እሱ 40 ክሬዲት ማለትም ቢያንስ 10 አመት ስራ ይፈልጋል፣ የዩኒየኑ ፔንሽን በላዩ ላይ የሚጨመር ነው።

አብዛኛው የዩኒየን ፔንሽን የራሳችሁ የሚሆነው 5 አመት ስትሞሉ ነው። በህጉ በአመት 1,000 ሰዓት የሰራ ሰው አንድ አመት ይቆጠርለታል፣ ስለዚህ ፓርት ታይምም ብትሆኑ በሳምንት 20 ሰዓት አካባቢ ከሰራችሁ ትደርሳላችሁ። የሚያናድደኝ አራት አመት ሰርቶ በሰዓት አንድ ዶላር ጨመሩልኝ ብሎ የሚሄደው ነው፣ ትንሽ ቢታገስ እድሜ ልኩን የሚበላው ነበር እኮ! ማናጀር ለጥያቄ ሲጠራችሁና ነገሩ ቅጣት ያመጣብኛል ብላችሁ ከሰጋችሁ ደሞ ሾፕ ስቲዋርዴ (ስራ ቦታ ያለው የዩኒየን ተወካይ) ይገኝልኝ በሉ፣ ከ1975 ጀምሮ ፍርድ ቤት ያጸናው መብታችሁ ነው፣ ብዙ ሰው ደንግጦ ብቻውን ገብቶ ያልሆነውን ፈርሞ ይወጣል።

አሁን ባለትዳሮች ስሙኝ። ጡረታ ስትወጡ ፔንሽኑ ከናንተ በኋላም ለባል ወይም ለሚስት ቢያንስ ግማሹ እንዲቀጥል ነው ህጉ የሚለው፣ ይሄን መተው የሚቻለው የትዳር ጓደኛ በኖታሪ ወይ በፔንሽን ፕላኑ ተወካይ ፊት ሲፈርም ብቻ ነው። ስትተዉት የወሩ ክፍያ ከፍ ስለሚል ያጓጓል፣ ግን ፎርሙን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ፣ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ።

የኛ ሰው የሚቸገረው ስም ላይ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ባለቤቷ ሆቴል ኪችን ውስጥ 19 አመት እቃ አጥቦ ጡረታ ሳይወጣ አረፈ፣ ነፍሱን ይማር። ፔንሽኑ የሷ ድርሻ ነበረው፣ ግን እኛ አገር ሚስት በባል ስም አትጠራም፣ የአባቷ ስም ነው ያላት፣ የፈንዱ ሰዎች ሚስቱ መሆንሽን አረጋግጪ አሏት። የጋብቻ ወረቀቷ አዲስ አበባ፣ እህቷ ከቀበሌ ወረዳ ስትመላለስ፣ ከዛ ማስተርጎም፣ ሀዘን ላይ ሆና ስንት ወር ለፋች። አሁን በየወሩ ይገባላታል፣ የቤት ኪራይዋን የሚያግዛት እሱ ነው።

ስለዚህ ከአሁኑ የጋብቻ ወረቀታችሁን አስተርጉማችሁ አስቀምጡ፣ የልደት ቀናችሁም በፈረንጅና በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳይምታታ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አይነት ይሁን። የሰዓታችሁ ሪፖርት ሲመጣ ከቼካችሁ ጋር አስተያዩት፣ የጎደለ ካለ ቼኩን ይዛችሁ ወደ ፈንዱ ቢሮ ሂዱ፣ አድራሻ ስትቀይሩም ንገሯቸው፣ ደብዳቤው የድሮ አፓርትመንታችሁ ሄዶ ይቀራል።