ተቀራራቢ የእንግሊዝኛ ቃላትን እንዴት እንለይ?

እንግሊዝኛ ስንጽፍ ሁለት ተቀራራቢ ቃላት ፊት ለፊት ሲገጥሙን ብዙዎቻችን ወይ የለመድነውን እናስቀምጣለን፣ ወይ ከበድ ብሎ የታየንን እንመርጣለን። ሁለቱም ግምት ነው። ከመምረጥ በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፦ በአእምሯችን የመጣው የአማርኛ ቃል ስንት የእንግሊዝኛ ቃል ይሸፍናል?

«ጠበቀ»ን እንውሰድ። አውቶቡስ እንጠብቃለን፣ ጥሩ ውጤት እንጠብቃለን፣ ዘበኛም ግቢ ይጠብቃል። እንግሊዝኛ ለአውቶቡሱ «ዌይት»፣ ለውጤቱ «ኤክስፔክት»፣ ለግቢው «ጋርድ» ይላል። «ዌይት» አንድ ነገር እስኪመጣ መቆየት ነው፤ «ኤክስፔክት» ግን ይመጣል ብሎ ማመን ነው፣ ሰውየው ሌላ ሥራ ላይ ተጠምዶም ሊሆን ይችላል። «አይ አም ኤክስፔክቲንግ ኤ ሌተር» ያለ ሰው ደብዳቤ እንደሚደርሰው ያውቃል፤ በር በሩን እያየ መቀመጡን ግን አልነገረንም። ሰዋስዋቸውም ይለያያል። «ዌይት» የሚጠበቀውን ሰው ወይም ነገር የሚያስከትለው በ«ፎር» ነው፣ «ኤክስፔክት» ግን ያለ «ፎር» ይቀበለዋል። «አይ ዊል ዌይት ዩ» የሚለው የተለመደ ስህተት የሚመጣው «እጠብቅሃለሁ» ውስጥ «ህ» ከግሱ ጋር በቀጥታ ስለሚጣበቅ ነው። ትክክሉ «አይ ዊል ዌይት ፎር ዩ» ነው።

«አስታወሰ»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። «ቀጠሮውን አስታወስኩ» ሲባል ነገሩ የመጣው በራሴ ጭንቅላት ነው፤ ይህ «ሪሜምበር» ነው። «እንድደውል አስታወሰኝ» ሲባል ግን አንዱ ሰው ሌላውን ቀስቅሶታል፤ ይህ «ሪማይንድ» ነው። ስለዚህ «ፕሊስ ሪሜምበር ሚ ቱ ኮል» ብሎ የጻፈ ሰው ማለት የፈለገውን አላለም፤ «ሪማይንድ ሚ» ማለት ነበረበት። መለያው ቀላል ነው፦ በአማርኛው «አስታወሰኝ፣ አስታወሰህ፣ አስታወሳት» ብለን አስታዋሹና የሚያስታውሰው ሁለት ሰዎች ከሆኑ «ሪማይንድ» እንጽፋለን።

«ለበሰ» ላይ የሚፈትነን ጊዜ ነው። እጅን እጅጌ ውስጥ የመክተቱ ድርጊት «ፑት ኦን»፣ ለብሶ መዋሉ ደግሞ «ዌር» ይባላል። ዓረፍተ ነገሩ ላይ «ቀኑን ሙሉ» የሚለውን ጨምሩበት። ትርጉሙ ካልተፋለሰ «ዌር» ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጃኬት ሲያጠልቅ የሚውል ሰው የለምና።

«ከፈተ» በር፣ ሳጥን፣ ፋይልና መተግበሪያ ሲሆን «ኦፕን» ነው። መብራት፣ ቴሌቪዥንና ቧንቧ ሲሆን «ተርን ኦን» ይባላል። «ኦፕን ዘ ቲቪ» ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ብሎን ፈትቶ የቴሌቪዥኑን ሆድ ዕቃ ማየት ይመስለዋል። «ረጅም»ም ይከፈላል፦ ሰው፣ ዛፍና ሕንፃ «ቶል»፣ መንገድ፣ ፀጉርና ስብሰባ «ሎንግ»።

አንዳንዴ ደግሞ አማርኛ ይበልጥ ይለያል። ገንዘብ እንበደራለን፣ መጽሐፍ እንዋሳለን፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ቦሮው» ናቸው። ሰጪው በኩል ያሉት «አበደረ» እና «አዋሰ» ደግሞ ሁለቱም «ሌንድ» ናቸው። ተቀባዩ ከሆንን «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን»፣ ሰጪውን ከጠየቅን «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን» ይሆናል። «ካን ዩ ቦሮው ሚ» የሁለቱ ድብልቅ ስለሆነ አያስኬድም።

ትርጉሙ ተመሳሳይ መስሎ ሲያስቸግር ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣውን መመልከት ይረዳል። «ቴል» ወዲያው ሰው ይፈልጋል፦ «ቴል ሚ»። «ሴይ» የሚፈልገው የተባለውን ነገር ነው፣ ሰው ካስገባን «ሴይ ቱ ሚ» እንላለን። «ቴል ዘ ትሩዝ»፣ «ቴል ኤ ላይ» እና «ቴል ኤ ስቶሪ» ግን ሰው ሳይጠሩ ይሄዳሉ፤ እንዳሉ መያዝ ነው። «ቶክ» «አባውት»ን ያስከትላል፣ «ዲስከስ» ግን አይፈልገውም። «ዲስከስ አባውት» በእኛ ዘንድ በጣም የተለመደው ለ«ስለ» ታማኝ ስለሆንን ነው። ሁለቱም «ደረሰ» ቢሆኑም፣ «ሪች» ቦታውን በቀጥታ ይቀበላል፤ «አራይቭ» ግን ለከተማና ለአገር «ኢን»፣ ለጣቢያና ለሕንፃ «አት» ያስገባል። «ጆብ» ይቆጠራል፤ «ወርክ» ሥራ በሚለው ትርጉሙ አይቆጠርም፣ ስለዚህ «አይ ፋውንድ ኤ ወርክ» አይባልም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ከባዱ ክፍል የቃላት ጉርብትና ነው፤ እዚህ ላይ ሎጂክ ብዙም አይረዳም። ኃይለኛ ዝናብ «ሄቪ ሬይን»፣ ኃይለኛ ነፋስ ግን «ስትሮንግ ዊንድ» ነው። «ስትሮንግ ሬይን» ብንል ሰው ይረዳናል፣ ጆሮው ግን ይኮሰኩሰዋል። «ሠራ» ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በግርድፉ፣ ድርጊቱ ሲያበቃ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ከተገኘ «ሜክ» ነው፦ ኬክ፣ ዕቅድ፣ ውሳኔ፣ ስህተት። የሚከናወን ተግባር ከሆነ «ዱ» ነው፦ የቤት ሥራ፣ ስፖርት፣ ዕቃ ማጠብ። አልጋ ማንጠፍ «ሜክ ዘ ቤድ» ተብሎ ደንቡን ያፈርሰዋል።

ጥንዱን ለማረጋገጥ የጉግል ኤንግራም ቪወርን መጠቀም ይቻላል። ሁለቱን ሐረጎች በነጠላ ሰረዝ ለይታችሁ አስገቡ፤ በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ የትኛው እንደሚበዛ በመስመር ያሳያችኋል። በተራ ፍለጋ ከሆነ ሐረጉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። የሚወጣው የውጤት ቁጥር ግን አያስተማምንም፤ የተገኙትን ዓረፍተ ነገሮች ማንበብና ማን እንደጻፋቸው ማየት ይሻላል።

እንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላት የበዙበት ታሪካዊ ምክንያት አለው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ የገዢው መደብ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፣ ላቲን ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ነበረ። በዚህ የተነሳ ለአንድ ሐሳብ ሁለትና ሦስት ቃል ቀረ፦ የነባሩ እንግሊዝኛ «አስክ»፣ ከፈረንሳይኛ የመጣው «ክዌስቸን»፣ ከላቲን የመጣው «ኢንተሮጌት»። ማንንም ሰው «አስክ» እናደርጋለን፤ የመጨረሻው ግን የመርማሪ ፖሊስ ሥራ ነው። «ባይ» እና «ፐርቸስ» (ገዛ)፣ «ቢጊን» እና «ኮሜንስ» (ጀመረ) የሚለያዩትም በዚሁ መንገድ ነው። ለጓደኛ በተላከ መልእክት «ኮሜንስ» ማለት ለቡና ግብዣ ደብዳቤ በማኅተም እንደመላክ ነው። ሲያጠራጥር አጭሩን ይዞ መሄድ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ቃሉ የያዘው ስሜትም አለ። «ስሊም» ቀጭንነትን ያሞግሳል፣ «ቲን» ዝም ብሎ ይገልጻል፣ «ስኪኒ» ብዙ ጊዜ ይነቅፋል። በጥሩ ሥራው የታወቀን ሰው «ኖቶሪየስ» ማለት ስድብ ነው፤ ቃሉ በክፉ ለታወቀ ነው፣ ለበጎው «ፌመስ» አለለት። የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር የሚሰጡ መዛግብት የሚያሳስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቃላቱን ያለ ማስጠንቀቂያ ይደረድሯቸዋል። ከዝርዝሩ የተገኘ ቃል ለተማሪ በተዘጋጀ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሳይፈተሽ ጽሑፍ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። እዚያ «ፎርማል»፣ «ኢንፎርማል» ወይም «ዲስአፕሩቪንግ» (የሚነቅፍ) የሚል ምልክት መኖሩን እዩ፤ ከፍቺውም በፊት የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹን አንብቡ። ማስታወሻ ስትይዙም «ቦሮው = ተበደረ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ቦሮው ሰምቲንግ ፍሮም ሰምዋን» ብላችሁ ከነጎረቤቱ ያዙት።