ሥራ ለቀህ ተፎካካሪ ጋ ስትገባ የመጨረሻ ሒሳብህን እንዴት ታስከፍላለህ

እኔ ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ስድስት ዓመት ሻጭ ነበርኩ። ከዚያ ሳቢያን ላይ ያንኑ ዕቃ የሚሸጥ ሌላ ሰው የተሻለ ደሞዝ ሰጠኝና ለቀቅኩ። የቀድሞ አሠሪዬን «ጋሼ፣ ሒሳቤ መቼ ይሠራልኝ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ደንበኞቼን ይዘህ ሄደህ ደግሞ ብር ትጠይቀኛለህ? ማዶ ያለው ጌታህ ይክፈልህ!» አሉኝ። እውነት መስሎኝ ሁለት ወር ዝም አልኩ። ጅልነት ነበር።

ይሄ ነገር ሁለት ጉዳይ ነው፤ አሠሪዎች ግን ሆን ብለው አንድ ያደርጉታል። የሠራህበት ገንዘብ አንድ ነው። «ተፎካካሪዬ ጋ ገባህ» የሚለው ቅሬታ ሌላ ነው። ቅሬታ ካላቸው ፍርድ ቤት ሄደው ይክሰሱህ እንጂ ገንዘብህን መያዣ ማድረግ አይችሉም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። በገንዘቡ መጠን ካልተስማማችሁ እንኳ እሳቸው ያመኑትን ያህል በዚያው ጊዜ ይከፍሉሃል፤ የምትከራከሩት በቀሪው ላይ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገዩ ደግሞ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደሞዝህ የሚደርስ ተጨማሪ ሊያስከፍላቸው ይችላል። ይህችን ነገር ለጋሼ ስነግራቸው ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ፣ አቦ!

ግን አንድ ቀዳዳ አለች። የእሳቸውን ንብረት ሳትመልስ ከቆየህ ወይም ዕዳ ካለብህ ክፍያው ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ቁልፍ፣ ስልክ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ያልተወራረደ ብር፣ ሁሉንም ዘርዝረህ ርክክብ አድርግና አስፈርም። አንድ ቅጂ አንተ ጋ ይቅር። እኔ የመጋዘኑን ቁልፍ ለባልደረባዬ በእጁ ሰጥቼ ሄጄ ነበር፣ ምንም ወረቀት ሳላስፈርም፣ ከዚያ በኋላ «ቁልፉን አልመለሰም» ተብዬ ስንት ተከራከርኩ።

የመልቀቂያ ደብዳቤህንም 30 ቀን ቀድመህ ስጥ፤ ቅጂው ላይ ማህተም ወይም ፊርማ አስደርግበት። ሳታስጠነቅቅ ጥለህ ከወጣህ እስከ 30 ቀን የሚደርስ ደሞዝህን ካሳ ልትከፍል ትችላለህ፤ እሱም ከቀሪ ሒሳብህ ላይ ይቆረጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በራስህ ፈቃድ ብትለቅም ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገልክና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለብህ የስንብት ክፍያ ይገባሃል። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፣ «የተባረረ ብቻ ነው የሚያገኘው» ይላል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ይታሰባል። ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። ለምሳሌ ደሞዝህ 9,000 ብር ሆኖ 6 ዓመት ከሠራህ፣ 9,000 እና አምስት ጊዜ 3,000፣ በድምሩ 24,000 ብር ገደማ ይሆናል። ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈልሃል። የሠራህበት ያልተከፈለ ቀን፣ የትርፍ ሰዓት፣ የተስማማችሁበት ኮሚሽን ካለም ጨምርበት። ይህን ሁሉ በወረቀት ሳታሰላ «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚል ነገር ላይ እንዳትፈርም።

ወደ ፉክክሩ እንመለስ። ውልህ ላይ «ከለቀቅኩ በኋላ በተመሳሳይ ሥራ አልሰማራም» የሚል አንቀጽ ካለ ወደ ጠበቃ ወስደህ አስነብበው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ሥራ የመሰማራት መብት ሰጥቶታል። «ለዘላለም፣ በየትኛውም ከተማ» የሚል ውል ደግሞ ለእኔ ዳኛ ፊት ብዙም የሚያስፈራ አይመስለኝም። በጊዜ፣ በቦታና በሥራ ዓይነት የተወሰነ ከሆነ ግን ቀላል አድርገህ አትየው። ሌላው፣ የራስህን ሱቅ ከከፈትክ አንተም ነጋዴ ሆነሃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሌላውን ነጋዴ መረጃ ያለ ፈቃዱ መያዝና መጠቀምን ተገቢ ያልሆነ ውድድር ይለዋል። የደንበኛና የዱቤ ደብተሩን፣ የዋጋ ዝርዝሩን ፎቶ አንስተህ አትውጣ። ደንበኛው ራሱ ፈልጎህ ቢመጣ ግን ምን ታደርገዋለህ? ድሬ ናት፣ ሁሉም ይተዋወቃል።

ካልከፈሉህ በደብዳቤ ጠይቅ። ከዚያም ክስ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው፤ ከውል መቋረጥ የሚመጣ የገንዘብ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል። «ነገ በርጫ ላይ እንነጋገርበታለን፣ ወንድምዬ» እያሉ ሲያቆላምጡህ ስድስቱ ወር ይበራል። ወደ ሥራ ልመለስ የምትል ከሆነ ደግሞ ያለህ 3 ወር ብቻ ነው።

ሠራተኛ ለእንዲህ ዓይነት ክስ ለፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ስለዚህ «ብር የለኝም» ብለህ አትቅር። ድሬ ከሆንክ የፌዴራልም የከተማውም ፍርድ ቤት ስላለ መጀመሪያ ሬጅስትራር (የመዝገብ ክፍሉ) ጋ ገብተህ የሥራ ክርክር የሚያየውን ችሎት ጠይቅ። ሐረር ከሆንክ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጀምር። ውልህን፣ የደሞዝ ማስረጃህን፣ የርክክብ ወረቀቱንና የመልቀቂያ ደብዳቤህን ቅጂ ያዝ። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ይላል፤ ቅር ያለው ወገን በ30 ቀን ይግባኝ ይላል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት (የሕግ ስህተትን የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት) በሕግ ትርጉም ላይ የሰጠው ውሳኔ የሥር ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ የአንተን የሚመስል ጉዳይ ካለ ጠበቃህ የመዝገብ ቁጥሩን ጠቅሶ ያያይዘው።

የሥራ ልምድ ማስረጃም አትርሳ። የሥራህን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህንና ደሞዝህን የሚገልጽ ሆኖ ያለ ክፍያ ይሰጥሃል። እኔ ከስሼ የፍርድ ቤት መጥሪያው ለጋሼ ከደረሳቸው በኋላ ገንዘቡንም ማስረጃውንም አብረው ሰጡኝ፤ ደሞዜን ስላልጻፉበት ማስረጃውን መልሼ ወሰድኩላቸው።