ፒኩ ነው ወይስ እጄ? የጊታር ፒክ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የጊታሩ ድምፅ አልጥም ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ክሩን ነው። ቀጥሎ ጊታሩን፣ ከዚያ አምፕሊፋየሩን። ክሩን የምንመታባት፣ ጣት መሀል ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ፣ ማለትም ፒኳ፣ የምትታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። ከሁሉም ርካሽ እሷ ስለሆነች ምርመራው ከእሷ ቢጀምር ይሻላል። አደራ ታዲያ፣ ውፍረቱን፣ ቅርፁንና የተሠራበትን ነገር ባንዴ አትቀይሩ። የቱ እንዳሻሻለው ይጠፋችኋል።

ኮርድ (ብዙ ክር ባንዴ) ስትመቱ ጠፍ ጠፍ ይላል

ፒኩ ስስ ነው። ከ0.60 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ክሩን ሲነካ ይታጠፋል፣ ሲለቀው ተመልሶ ይቃናል። የሚሰማው እሱ ነው። ቦክስ ጊታር ይዞ ዘፋኝ ለሚያጅብ ሰው ይህ ድምፅ እንዲያውም ይመቻል። ካልፈለጋችሁት ወደ 0.73 ከፍ በሉ።

ፒኩ ከእጅ ይሾልካል ወይም ይዞራል

በጣም የተለመደው ችግር ይሄ ነው፤ መንስኤውም አንድ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ አያያዛችሁን እዩ። አመልካች ጣታችሁን ወደ ውስጥ እጠፉ፣ ፒኩን በጣቱ ጎን ላይ አስተኙት፣ አውራ ጣታችሁን ከላይ አሳርፉ። ከአውራ ጣቱ ወጥቶ የሚታየው ጫፍ ግማሽ ሳንቲሜትር ቢሆን በቂ ነው። ከዚያ በላይ ካወጣችሁት ክሩ ፒኩን ለማዞር ጉልበት ያገኛል። እሱን ለመቆጣጠር ስትሉ አጥብቃችሁ ትጨብጣላችሁ፣ የእጅ አንጓችሁ ይደርቃል፣ ፒኩም ጭራሽ ይባስ ይሾልካል።

አያያዙ ደህና ሆኖ እጃችሁ የሚያልብ ከሆነ ጥፋተኛው የፒኩ ገጽ ነው። ሴሉሎይድ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ የሚያብረቀርቅ ፒክ ላብ ሲነካው ይሙለጨለጫል። መያዣው ላይ የሚቆረቁር ነገር ያለው ናይለን፣ ወይም ቶርቴክስ እንደሚባለው የፒክ ዓይነት ፊቱ ደብዘዝ ያለ ፒክ ሞክሩ። አዲስ መግዛት ካላሰኛችሁ ያላችሁን ፒክ መሀሉን በሁለቱም በኩል በምላጭ ጫር ጫር አድርጉት። ላያምር ይችላል፣ ግን ይሠራል።

ሌላው መጠን ነው። ትልቁ ባለ ሦስት ማዕዘን ፒክ መያዣው ሰፊ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲያልቅ ደግሞ ሁለት ይቀሩታል። ቤዝ ተጫዋቾች የሚወዱት በከንቱ አይደለም።

ፈጣን ሜሎዲ ላይ ፒኩ ክሩ መሀል ይያዛል

ፒኩ ስለሚታጠፍ ጫፉ ዘግይቶ ይመለሳል፤ ወይም በጣም ጠልቆ እየገባ ነው። ወደ 1 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሂዱ፣ ፒኩንም ከክሩ ጋር ትይዩ ከማድረግ ትንሽ አዘንብሉት፤ በጠርዙ ሸርተት ብሎ ያልፋል። ጃዝ ሦስት የሚባለው ትንሽና ሹል ፒክ ለዚህ ሥራ ተወዳጅ ነው። ኮርድ ለመምታት ግን አልመክረውም፤ ጣት ውስጥ ይጠፋል።

ወፍራም ክሮች ላይ ይፋጫል

ፒኩን ወደ መብራት ያዙትና ጫፉን በጥፍራችሁ ዳብሱት። አንዱ ጎን ተበልቶ ሸካራ ሆኗል? ወፍራሞቹ ክሮች ላያቸው ላይ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ስለሆኑ ፒኩን እንደ ሞረድ ይበሉታል። ሴሉሎይድ ቶሎ ያልቃል፤ ናይለንና አልቴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይበረክታሉ። ጠርዙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ቀጥሎ ጅንስ ሱሪ ላይ ፈትጉት። በእሳት ለማለስለስ እንዳታስቡ፤ ሴሉሎይድ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ድምፁ ታፈነ ወይም ጆሮ ይወጋል

ወፍራምና ጫፉ ክብ ፒክ ድምፁን ያለዝባል፣ ሹልና ደረቅ ያለው ያጎላዋል። ለታፈነ ድምፅ ሾል ያለ ፒክ፣ ለሚወጋ ድምፅ ደግሞ ያንኑ ፒክ አዙራችሁ በክቡ ትከሻው ምቱ። ፒክ ፕላስቲክ ብቻ ይሁን ያለም የለም፦ የሮክ ባንዱ የኩዊን ጊታሪስት ብራያን ሜይ የሚጫወተው በእንግሊዝ ባለ ስድስት ፔንስ ሳንቲም ነው።

ክር ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል

የተበጠሰበትን ቦታ እዩ። ሁሌም ብሪጁ (ክሮቹ የጊታሩ ሆድ ላይ የሚያርፉበት ክፍል) ላይ ከሆነ ፒኩን አትውቀሱ፤ ክሩ የሚያርፍበት ቦታ ስለት አውጥቶ ይሆናል። የምትመቱበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ፒኩ ለእጃችሁ ክብደት በዝቷል፣ ሳሳ ያለ ያዙ።

ቁጥሩ ስለጠፋ ውፍረቱን አላውቀውም

ቶርቴክስ ከሆነ ቀለሙ ይነግራችኋል። ብርቱካናማው 0.60፣ ቢጫው 0.73፣ አረንጓዴው 0.88፣ ሰማያዊው 1.0 ሚሊሜትር ነው። ለጀማሪ ቢጫውን ወይም አረንጓዴውን እመርጣለሁ።

ፒኩ ቦክስ ጊታሩ ውስጥ ገባ

ይሄ የሁላችንም ነው። ጊታሩን ገልብጦ መነቅነቅ ብቻውን ያደክማል። ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ እያዘነበላችሁ ፒኩን ከቀዳዳው ቀጥታ ሥር አምጡት። ልክ እዚያ ሲደርስ ጊታሩን ባንዴ ገልብጡት፣ ይወድቃል።