አልበላ ያለ ቦል ፓይተን፦ ከአይጡ በፊት ቤቱን መመርመር

በአሜሪካና በአውሮፓ ሰዎች በቤታቸው ከሚያኖሯቸው እባቦች መካከል፣ ምግብ እምቢ በማለት ቦል ፓይተንን የሚስተካከል የለም ማለት ይቻላል። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣው ይህ አነስተኛ ዘንዶ ስሙን ያገኘው ሲደነግጥ ጭንቅላቱን መሐል ቀብሮ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው፤ መርዝ የለውም፣ ጠባዩም ረጋ ያለ ነው፣ ሆኖም አንዴ አልበላም ካለ ለሳምንታት፣ አልፎ አልፎም ለወራት አፉን ዘግቶ የባለቤቱን እንቅልፍ ይነሳል። እኔ ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ወድጄ አልነበረም፤ ልጄ አንድ ዓመት ሙሉ ወትውቶ ካስገዛን በኋላ የማብላቱ ሥራ ውሎ አድሮ በእኔ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ እንደተረዳሁት እባቡ የሚጾመው አብዛኛውን ጊዜ በመኖሪያው ምክንያት ስለሆነ፣ ምግብ ከመለዋወጥ በፊት ቤቱን መመርመር ይቀድማል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጾሙ የሚያሳስብ መሆን አለመሆኑን መለየት ያስፈልጋል። የእኛ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ጤነኛና ትልቅ ቦል ፓይተን ከዚያም አልፎ ሊጾም ይችላል። በተለይ ወንዱ በብርዱ ወራት፣ የመራቢያ ወቅቱ ሲደርስ፣ ምግብ ይዘጋል። ቆዳውን ሊቀይር የተቃረበ እባብም ዓይኑ ወተት የጠጣ መስሎ ሲደበዝዝ መብላት ስለሚያቆም፣ ቆዳውን እስኪጥል መጠበቅ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ለዚህ ሁሉ ዳኛው ሚዛን ነው። በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጦ፣ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሶ፣ እባቡን ከውስጥ አድርጎ በየሁለት ሳምንቱ መመዘንና ቀኑን ከግራሙ ጋር በደብተር ማስፈር ይበቃል፤ ሚዛኑ ግን ከዚያ በኋላ ለእባቡ ብቻ ይሁን። የእኛው በጥቅምት 1,420 ግራም የነበረው በየካቲት 1,365 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ አራት ወር ያልበላ እንስሳ ከክብደቱ አራት በመቶ እንኳ አልቀነሰም ማለት ነው። በአንጻሩ ገና አንድ ዓመት ያልሞላው ግልገል ስንቅ ስለሌለው፣ ለእሱ ትዕግሥቱ ማጠር አለበት።

ወደ ቤቱ ስንመለስ፣ ዋናው ጉዳይ ሙቀት ነው። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው ስለሚያገኝ፣ ሳይሞቀው የዋጠው ምግብ ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ብርድ ሲሰማው አለመብላቱ ብልህነት ነው። የሣጥኑ አንድ ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላው ጎን ደግሞ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሊሆን ይገባል፤ ማሞቂያውም ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን ከልኩ እንዳያልፍ የሚቆጣጠር መሣሪያ) ፈጽሞ መሰካት የለበትም፣ እባቡን ያቃጥለዋልና። በመስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ርካሽ ቴርሞሜትር የሚነግረን የመስታወቱን ሙቀት ስለሆነ፣ መለኪያው እባቡ በሚተኛበት ወለል ላይ መቀመጥ አለበት። የአየሩ እርጥበት ከ50 እስከ 60 በመቶ ሲሆን መልካም ነው፤ በብርድ አገር ክረምት ላይ የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቅ ይህ ቁጥር ሳይታወቅ ያሽቆለቁላል።

ከሙቀት ቀጥሎ የሚመጣው መደበቂያ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቦል ፓይተን በትውልድ ቦታው ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጥ ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ተሸጉጦ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ላይ እባቡ በደንብ እንዲታይ ብለን አራት ጎኑ መስታወት የሆነ ትልቅ ሣጥን ገዝተን፣ ድስት የሚያስገባ የሚያክል ዋሻ አስቀመጥንለት። እባቡ የሚፈልገው ጀርባው ጣሪያውን፣ ጎኑም ግድግዳውን የሚነካበት ጠባብ ቦታ ነው። ትልቁን ዋሻ አውጥተን፣ በር የተቀደደላቸውን ሁለት ጎድጓዳ የፕላስቲክ ሳህኖች አንዱን በሞቃቱ፣ ሌላውን በቀዝቃዛው ጎን ደፋንለት፤ ሦስቱን የመስታወት ጎኖችም በጥቁር ወረቀት ሸፈንናቸው። ከዚያ በኋላ ለአሥር ቀን ውኃ ከመቀየር በቀር ማንም እንዳይነካው አደረግን። አዲስ የተገዛ እባብም ቢያንስ አንድ ሳምንት እንዲሁ ተትቶ ሊሰነብት ይገባዋል።

ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ ምግቡን የማቅረብ ዘዴ ይከተላል። ለምግብ የሚቀርበው የሞተ አይጥ በውፍረቱ ከእባቡ ወፍራም የሰውነት ክፍል ባይበልጥ ይመረጣል። በፍሪዘር የደረቀውን አይጥ ሌሊቱን በማቀዝቀዣው ውስጥ አሳድሮ ማቅለጥ፣ ቀጥሎም በታሸገ የፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ ለሃያ ደቂቃ ያህል በሙቅ ውኃ ውስጥ ማኖር ይበቃል፤ ማይክሮዌቭ ግን ውስጡን ስለሚቀቅለውና ሆዱን ስለሚያፈነዳው አይሞከርም። ከቦል ፓይተን ከንፈር ዳር ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች የሞቀ አካልን በጨለማ ጭምር ይለያሉና፣ ሬሳው ለብ ብሎ ከቀረበ እንደ ድንጋይ ያልፈዋል። እኔ የአይጡን ጭንቅላት በፀጉር ማድረቂያ አሞቀዋለሁ፤ 38 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፀጉሩም ይደርቃል፣ ሽታውም ይወጣል። (ባለቤቴ ማድረቂያዋን ፈልጋ ያገኘችበትን ቀን ባላስታውስ እመርጣለሁ፤ አሁን ሁለት አለን።)

ሰዓቱ ከመሸ በኋላ፣ መብራቱም ደብዘዝ ያለ ይሁን። አይጡን ከወገቡ በረጅም ወረንጦ ይዞ፣ ከመደበቂያው በር አንድ ስንዝር ያህል ርቆ በዝግታ ማንቀሳቀስ ነው። እባቡ ምላሱን ቶሎ ቶሎ ማውጣት ከጀመረ፣ አንገቱንም አጥፎ ወደ ኋላ ከሰበሰበ፣ እጅን ማቆምና መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አይጡን ወደ ፊቱ መግፋት የመጣውን ፍላጎት ይገድለዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልነከሰ፣ አይጡን በበሩ ላይ ትቶ መብራት ማጥፋትና ጠዋት የተረፈውን መጣል ይቻላል። የቀለጠ አይጥ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም፤ አይጡም እባቡም ሳልሞኔላ የተባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ እጅ በሳሙና መታጠብ አለበት። ቀጣዩ ሙከራ ከሰባት እስከ አሥር ቀን በኋላ እንጂ በማግስቱ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም እምቢ ካለ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል። በአነስተኛ የቤት አይጥ ያደገ እባብ ትልቁን የአይጥ ዝርያ እንደ ምግብ ላያየው ስለሚችል፣ የለመደውን መጠየቅና በዚያው መጀመር፣ ወይም ትልቁን አይጥ በለመደው አይጥ ጉዝጓዝ ማሸት ይረዳል። በሕይወት ያለ አይጥ አስገብቶ መሄድ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ያልተራበ እባብ ዝም ሲል አይጡ ጀርባውን እስከ አጥንቱ ሊበላው ይችላል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን፤ እዚህ ነገሩ ይገለበጥና አይጥ የነከሰው እባብ የሞተውን አይጥ እንኳ ይሸሻል።

ክብደቱ በአሥር በመቶ ከቀነሰ፣ ሲተነፍስ ካፏጨ፣ በአፉ ወይም በአፍንጫው አረፋ ከታየ፣ ወይም የዋጠውን ከመለሰ፣ ተሳቢ እንስሳትን ወደሚያውቅ ሐኪም መውሰድ ግድ ነው። ምግብ በግድ ወደ ጉሮሮው መክተት የሐኪም ሥራ ስለሆነ በቤት አይሞከርም።

ጾሙን የፈታበት ቀን ደግሞ የቀረውን ለማካካስ ደርቦ ማብላት አይገባም። የመጀመሪያው አይጥ ከተለመደው አነስ ያለ ይሁን፤ ከዋጠ በኋላ ለ48 ሰዓት አይነካ፤ ቀጣዩም በመደበኛ ቀኑ ይቅረብለት። የእኛው በመጋቢት አንድ ማክሰኞ ሌሊት ከሁለተኛው ሳህን ሥር ብቅ ብሎ ወረንጦውን ጭምር ነከሰ። ልጄ ተኝቶ ነበር፤ ደብተሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።