ከጅራቱ ጭስ ማውጫ ቀደም ብለው የሚታዩት ትናንሽ ክንፎች፦ አለያየታቸውና ሥራቸው

ከሐዋሳ በዳሽ 8 ተነስታችሁ ቦሌ ላይ ቦይንግ 737-800 የምትቀይሩ ከሆነ፣ በኋላው ደረጃ ስትሳፈሩ ጅራቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ጅራቱ ጫፍ ላይ ካለው የትንሽ ሞተር ጭስ ማውጫ ቀደም ብሎ፣ በአውሮፕላኑ ጎን ላይ የተደረደሩ መዳፍ የማይሞሉ ክንፎች አሉ። ብዙ ሰው ጭሱን የሚያቀዘቅዙ ይመስለዋል። ጭሱ ግን ከእነሱ ኋላ ስለሚወጣ አያገኛቸውም።

መጀመሪያ አቋማቸውን ተመልከቱ፤ ከአየሩ አቅጣጫ ትንሽ ዘወር ብለው ነው የተተከሉት። ቁም ነገሩ እዚሁ ላይ ነው። ከአፍንጫው ጀምሮ ገላውን እየታከከ የመጣው አየር በሰበቃ ደክሟል። ጅራቱ ጋ ገላው ሲጠብ አብሮ መታጠፍ ያቅተውና ይላቀቃል፤ ያኔ የአየር መጎተት ይጨምራል፣ ጅራቱም ይንቀጠቀጣል። ዘወር ያለው ክንፍ ከጫፉ ትንሽ አዙሪት ይለቃል፤ አዙሪቱ በውጭ በኩል ያለውን ፈጣን አየር እየሳበ ከደከመው ጋር ይቀላቅለዋል። ክንፉ ራሱም ትንሽ ይጎትታል፣ የሚያስቀረው ግን ይበልጣል። ቮርቴክስ ጄኔሬተር የሚባለው ይህ ነው።

በቀኝ በኩል ደግሞ ለብቻው የቆመ ክንፍ አለ፤ ከኋላው ትንሽ በር ታያላችሁ። በሩ የኤፒዩ አየር ማስገቢያ ነው፤ ኤፒዩ ማለት መሬት ላይ መብራትና አየር የሚሰጠው፣ ጅራት ውስጥ ያለው ትንሽ ሞተር ነው። ክንፉ በበረራ ላይ ጥሩ አየር ወደ በሩ እንዲደርስ ያግዛል። በሩ ኤፒዩ ሲነሳ ይከፈታል፣ በሌላ ጊዜ ዝግ ነው።

ከአግድሙና ከቋሚው ጅራት የኋላ ጠርዝ የወጡት ቀጫጭን ዘንጎች ሌላ ናቸው፤ በበረራ የተከማቸውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ወደ አየር ያራግፋሉ፣ ያለበለዚያ ሬዲዮው ይንጫጫል።

የጎኑ ረድፍ ከሌለ ተነቅሏል ብላችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ የሞተሩን ሽፋን የኋላ ጠርዝ እዩ፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ አውሮፕላኑ ማክስ፣ ማለትም አዲሱ የ737 ዓይነት ነው። ቦይንግ የማክስን የጅራት ጫፍ አስረዝሞ ፍሰቱን ስላረጋጋው ክንፎቹን አስቀርቷቸዋል። በ737-800 ላይ ግን ከረድፉ መሐል አንዱ ብቻ ጎድሎ ከታየ ነገሩ የቴክኒሻኑ ነው፤ ስንት ጎድሎ መብረር እንደሚቻል በአውሮፕላኑ ሰነድ ተወስኗል።

ሐዋሳ ላይ የዳሽ 8ቱ አግድም ጅራት ከቋሚው አናት ላይ የተሰቀለ ነው፤ የ737ቱን ረድፍ እዚያ አትፈልጉ። ዘንጎቹን ግን ከመሳፈሪያው መንገድ ሳትወጡ ማየት ትችላላችሁ።