ሥልጠናው አልቆ ሥራው ሳይለወጥ ሲቀር፦ ምልክት፣ መንስኤና መፍትሄ

ፕሮጀክተሩ ይሠራል፣ መብራት ቢጠፋ የሚታደል ጽሑፍ ታትሟል፣ የሠልጣኞች ስም ዝርዝር ደርሷል እንበል። ይህን ያላሟላ ሰው መጀመሪያ ያሟላ። ከዚህ በታች ያለው በሰሜን ሸዋ ከተሞች ለፋብሪካ ሠራተኞችና ለመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍሎች ሥልጠና ስሰጥ እየደጋገመ የገጠመኝ ነው።

ምልክት፦ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም።
መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት የተቀመጠው ኃላፊ ነው። መክፈቻውን ተናግሮ ሲጨርስ በአክብሮት ሸኙት። ከዚያ ሠልጣኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይወያዩና አንዱ የሌላውን ጥያቄ ያቅርብ። ጥያቄው የጓደኛ ሲሆን አፍ ይፈታል።

ምልክት፦ ሰው ያንቀላፋል።
ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥቅምት ጠዋት ሰው እጁን ከጋቢው ማውጣት ያስጠላዋል። ሸዋ ሮቢት ከዚያ ከፍታ ግማሽ እንኳን አትደርስም፤ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ራሱ ያስተኛል። ለሁለቱም አንድ መርሐ ግብር ገልብጦ መላክ ስንፍና ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋቱን ቆሞ በሚሠራ ነገር ጀምሩ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ከምሳ በኋላ ንግግር አይኑር። በጾም ወቅት ከባዱን ልምምድ ወደ ጠዋት አምጡት።

ምልክት፦ ነባሩ ሠራተኛ «ይህ እኛ ዘንድ አይሠራም» ይላል።
ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ሃያ ዓመት መጋዘን የያዘን ሰው ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ካስቀመጣችሁት ያኮርፋል፤ ቢያኮርፍም አይፈረድበትም። በዋዜማው አግኙትና የገጠመውን ችግር ጠይቁት፤ በማግስቱ ጠመኔውን ለእሱ ስጡት።

ምልክት፦ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ገብቶታል፣ ሥራ ቦታው ላይ ግን አንድም ነገር አልተለወጠም።
ከአሥር ጥሪ ስምንቱ ይህ ነው።

አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስለ እሳት ማጥፊያ ያሠለጠንኩት እኔው ነበርኩ። ስላይዱ ላይ አራቱ ደረጃዎች በሥርዓት ተደርድረዋል፦ ፒኑን (እጀታው እንዳይጨመቅ የሚቆልፈውን ሽቦ) ንቀል፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥር፣ እጀታውን ጨምቅ፣ ግራና ቀኝ አወዛውዝ። በጽሑፍ ፈተናው ሁሉም አለፉ። በመጨረሻ ለጨዋታ ያህል ሲሊንደሩን ግቢ አውጥቼ ለአንዲት የስፌት ሠራተኛ ሰጠኋት። በግራ እጇ እጀታውን ጥርቅም አድርጋ ይዛ በቀኟ ፒኑን ሳበች። አልወጣም። ጣቷ እስኪቀላ ሳበች። ቀጥሎ የመጣውም ጎረምሳ እንደዚያው ሆነ። ሰባት ሰዎች ሞክረው የነቀለው አንድ ብቻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እጀታው ሲጨመቅ ፒኑን ነክሶ ይይዘዋል። ሲሊንደሩን መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ እጀታውን መልቀቅ፣ ፒኑን ጠምዝዞ የፕላስቲክ ማኅተሙን መበጠስ፣ ከዚያ መሳብ ያስፈልጋል። የእኔ ስላይድ ስለ ግራ እጅ አንድም ቃል አልነበረውም።

መንስኤው ይኸው ነው። ሥልጠናውን ከርዕስ እንጀምራለን፤ «የእሳት አደጋ ምንነት» እያልን ግማሽ ቀን እናወራለን። መነሻው ግን እጅ የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ከመጻፋችሁ በፊት ሥራው ቦታ ሄዳችሁ ግማሽ ቀን ቁሙና ስሕተቱን በዓይናችሁ እዩ።

አንዳንዴ ሥልጠና እንደማያስፈልግም ታያላችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት የሁለት ቀን የንብረት አስተዳደር ሥልጠና ጠየቀኝ፤ ምክንያቱም ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) እና ቆጠራው አይገጥሙም። መጋዘኑን ሳየው ሠራተኛው ሞዴል 19 የሚባለው ቅጽ ለገቢ፣ ሞዴል 22 ለወጪ መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃል። ቢን ካርዶቹ ግን በሌላ ክፍል መሳቢያ ተቆልፎባቸዋል፤ ቁልፉ ያለው ሌላ ሰው ዘንድ ነው። ሠራተኛው ዓርብ ዓርብ ከትውስታው ይሞላል። መድኃኒቱ ምስማርና ሲባጎ ነበር፤ ካርዱ መደርደሪያው ላይ ተንጠለጠለ። ከሁለቱ ቀናት ግማሽ ቀን ብቻ ተጠቅመን ሠራተኞቹ ሆን ብዬ ያበላሸኋቸውን ሰነዶች ሲያርሙ ዋሉ።

ሥልጠናው የግድ ከሆነ ደግሞ አሜሪካውያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አዲስ የፋብሪካ ሠራተኞችን ያለማመዱበት መንገድ ዛሬም ይሠራል፦ ሠልጣኙን አዘጋጅ፣ እየነገርክ አሳይ፣ እየሠራ እንዲነግርህ አድርግ፣ ከዚያ ተከታተል። እኛ ሁለተኛው ላይ፣ ያውም «እየነገርክ» የሚለው ላይ ቆመን እንቀራለን።

ማስጠንቀቂያ፦ «ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። አሁንም እላለሁ፣ አትጠይቁ፤ አሠሯቸው።
ማስጠንቀቂያ፦ ፈጣኑ የዘገየውን ሰው ሥራ ነጥቆ አይሥራለት።
ማስጠንቀቂያ፦ ለልምምድ የተረጨ ማጥፊያ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሳይሞላ ወደ መስቀያው አይመለስ። ግፊቱ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ የሚታወቀው ግን እሳት የተነሣ ቀን ነው። ይህን ሲያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያደረገውም የደኅንነት ኃላፊው ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፦ ሞጁሉ ከሌላ ዘርፍ የተቀዳ ሲሆን ሠልጣኞቹ በምሳሌዎቹ ይስቃሉ። ጣሉት።

ምልክት፦ የማጠቃለያ ቅጹ «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል፣ ኃላፊው ግን ያማርራል።
አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ከርክፓትሪክ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሥልጠና ምዘናን በአራት ከፍሎ አስቀምጧል፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረው ወይ፣ ሥራ ላይ አዋለው ወይ፣ ውጤት አመጣ ወይ። የእኛ ቅጽ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱም የሚሞላው አበል በሚፈረምበት ሰዓት ነው። መፍትሄው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄዶ ሲሠሩ ማየት ነው። ስልክ አይበቃም። ይህ ጉብኝት አዳራሽ ከመያዙ በፊት በውሉ ውስጥ ይግባ፤ ካልገባ እኔ ሥራውን አልቀበልም።