ኢሲስን ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኒውዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አንዲት የግብፅ ሐውልት አለች። ቁመቷ 17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከእስክሪብቶ ብዙም አትበልጥም። እናት ተቀምጣ ልጇን ጡት ልታጠባ ነው። እናቲቱ የጥንት ግብፆች ሴት አምላክ ኢሲስ፣ ልጁ ደግሞ አምላኩ ሆረስ ናቸው።

የእኛ ሰው እንዲህ ያለውን ሲያይ ቶሎ አፉ ላይ የሚመጣው «ማርያም!» ነው። አይደለችም። ሐውልቷ የተሠራችው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ332 እስከ 30 ባለው ዘመን ነው። በኋላ በመጡት የክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ኢሲስ አሻራዋን ትታለች ወይ የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል።

ሌላው ስህተት ልጅ ያቀፈችን ሁሉ ኢሲስ ማለት ነው። ልጁን ተዉትና አናቷን እዩ። ትንሽ ዙፋን ካለ አለቀ፣ እሷ ናት፤ ዙፋኑ ስሟ የሚጻፍበት ምልክት ነው። ስሟን አናቷ ላይ ተሸክማ ነው የምትዞረው ማለት ነው። የሚያምታታው የላም ቀንድና በመሃሉ ያለው የፀሐይ ክብ ነው። ይህ መጀመሪያ የሌላዋ ሴት አምላክ የሐቶር ነበር፤ ኢሲስ ቆይታ ነው የወሰደችው። ስለዚህ በቀንድ ብቻ አትፍረዱ። መቀመጫው ላይ ጽሑፍ ካለ ስሙን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ድርብ ዘውድ የደፋችው ደግሞ ሙት የምትባለው ሴት አምላክ ልትሆን ትችላለች። ስሟ በግብፅኛ «እናት» ማለት ነው፤ በአማርኛ ሲሰማ ግን ያስደነግጣል።

ሆረስ ጣቱን አፉ ላይ ካደረገ «ዝም በሉ» እያለ አይደለም። ግሪኮች እንደዚያ ተረድተውት የዝምታ አምላክ አደረጉት። ለግብፆች ግን ጣት አፍ ላይ ማድረግ የሕፃን ምልክት ነው። በጎን የወረደችው ቁንጮም እንዲሁ።

የኒውዮርኳን ሐውልት «ሸክላ ናት» የሚሉም አሉ። የተሠራችበት ነገር ፋያንስ ይባላል፤ ዋናው ነገሩ ኳርትዝ የሚባል የተፈጨ ድንጋይ ነው።

ከነሐስ የተሠሩት ላይ ደግሞ እናቲቱ አየር ላይ የተቀመጠች ትመስላለች። ሠሪው ረስቶት አይደለም። መቀመጫው ብዙ ጊዜ ለብቻው፣ ከእንጨት ይሠራ ነበር። እንጨቱ በስብሶ ጠፋ፣ እሷ ቀረች።

የቤት ጌጥ ነበሩ ብላችሁም አታስቡ። ብዙዎቹ የነሐስ ሐውልቶች ለቤተ መቅደስ የገቡ ስለቶች ናቸው። ቦታው ሲጣበብ ካህናቱ አይጥሏቸውም፤ የአምላክ ንብረት ናቸውና ሰብስበው እዚያው ግቢ ውስጥ ይቀብሯቸው ነበር። ዛሬ የምናያቸው ብዙዎቹ ከእንደዚህ ያለ ጉድጓድ የወጡ ናቸው።